ስድስት ልጆች ወይስ ዘጠኝ? የቅድመ አያቴን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ

ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ድምፁ ጎላ ያለ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆማል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የት እንደገቡ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በምን ኃላፊነት እንዳገለገሉ ይዘረዝራል። ከዚያ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። አለቀ።

ትምህርት ቤት ያልገባች፣ የደመወዝ ወረቀት ላይ ፈርማ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ድሬዳዋ አንድ ግቢ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ግን ምን ይጻፍላታል? «ደግ፣ ሃይማኖተኛና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ።» እውነት ነው። ግን ባለፈው ወር ለተቀበሩት ጎረቤቷም የተነበበው ይኸው ነው።

እኛ ቤት ነገሩ ቀደም ብሎ ነው የታሰበበት። ቅድመ አያቴን፣ ሁላችንም እማዋዬ የምንላትን፣ ጤነኛ እያለች ነው መጠየቅ የጀመርነው። በ2015 ዓ.ም. ስታርፍ የሚነበበው ጽሑፍ ግማሹ በእጃችን ነበር። ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ አዛውንት ላላቸው ነው። ምን ሠራልን፣ ምኑ ላይ ተከራከርን፣ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ታሪክሽን ንገሪን» አልናት። «ምን ታሪክ አለኝ? ወለድኩ፣ ጋገርኩ፣ አረጀሁ» አለች። ይኸው ነው። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ፊቷ ደቅኖ ቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምር ደግሞ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቃል አልወጣትም።

የሠራው ሌላ ነው። ጠዋት፣ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ ማለት። እንዝርቷ እየሾረ፣ ዓይኗ ክሩ ላይ ሆኖ፣ እየተጠየቀች መሆኗን ትረሳዋለች። ስልኩን ከጥጡ ሰፌድ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ልቅዳሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ «ቅዳው አቦ፣ ምን ይሰርቁብኛል» ነው ያለችኝ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። እናንተ ቤት ጥጥ ከሌለ ምስር መልቀምም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥም ያው ነው።

ጥያቄው ስለ «ሕይወት» ባይሆን ይሻላል። ሕይወት ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ይደነግጣል። ስለ ዕቃ፣ ስለ ጠባሳ፣ ስለ ቦታ ጠይቁ። «ክንድሽ ላይ ያለችው ጠባሳ ምንድን ናት?» ስላት የመጀመሪያ ምጣዷ ተነሳ። «ይሄን ሳጥን ማን ገዛልሽ?» ያልኩ ዕለት ደግሞ እስከ ምሳ አልጨረስንም። ሳጥኑን ያሠራላት ባሏ ነው፤ ከሥራ ቦታው የተጣለ እንጨት ለምኖ። ባሏ ሸማንደፈር ነበር፣ ማለትም የባቡር ድርጅት ሠራተኛ። ሐዲድ ጠጋኝ። ከሳጥኑ ተነስተን ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ደመወዙ፣ ምሳውን ቋጥሮ በሐዲዱ ላይ ወርዶ ቀናት ስለሚቆይበት ሥራ፣ ስለ መጀመሪያ ልጃቸው ደረስን። «ስለ ባልሽ ንገሪኝ» ብላት ኖሮ «ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» ብላ ትዘጋው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል፤ የእሷ ታሪክ ያለ ባቡሩ አይገባም። ሐዲዱ ሐረር ድረስ እንዲወጣ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አላስወጣ ስላለ ቆላውን ይዞ ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ከተማው እዚያው ተወለደ። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት። ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ ያለበት። እማዋዬ የመጋላ ሰው ናት። ከዚራ የምትሄደው ለሕክምናና ለባቡር ብቻ ነበር፤ «የፈረንጅ ሰፈር» ትለዋለች እስከ መጨረሻው።

እንጀራውን የጀመረችው ባሏን አይታ ነው። ሐዲድ ላይ የሚውሉት ወንደላጤዎች ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። ለሦስት ሰው ጋገረች፣ ለአሥር ሆነ። ድሬ ላይ ቀን አይጋገርም፤ እሳቱም ፀሐዩም አንድ ላይ አይቻሉም። ስለዚህ በውድቅት ትነሳለች። ሊጡም በሙቀቱ ቶሎ ነው የሚነሳው። ደጋ ላይ የለመደችው አቆጣጠር እዚህ አልሠራ ሲላት በማሽተት መለየት ጀመረች። በጨለማ ክዳኑን ገለጥ ታደርግና ታሸታለች። «ገና ነው» ብላ መልሳ ትተኛለች። ወይም «በቃ» ብላ እሳት ታነዳለች። ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሰዋለች፣ አንድ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጋ ሙቀቱን ታያለች፣ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማንም አትሰጥም። እሷ ራሷ ቆማ ትበላታለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «የመጀመሪያዋ ምን ጊዜም ታንሳለች፤ ታዲያ ገንዘብ ተቀብዬባት?»

ይቺ የሕይወት ታሪኩ ላይ ገብታለች። ቃል በቃል። ከ«ሐቀኛ ነበሩ» ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዕድሜ። ይሄ የሁሉም ቤት ጣጣ ነው።

የቀበሌ መታወቂያዋ የትውልድ ዘመን 1905 ይላል። በዚያ ከሄድን 110 ዓመቷ ነው፤ ዘመድ ሁሉም እንደዚያ ሲያወራ ኖሯል፣ ኩራትም ነበረበት። ግን ቁጥሩን የጻፈው ጸሐፊ ፊቷን አይቶ ነው የገመተው። እኛ ሁለት ነገር አየን። አንደኛው የመጨረሻ ልጇ ነው። የተወለደበት ዓመት በክርስትና ካርዱ ላይ አለ፤ 1957 ዓ.ም.። መታወቂያው እውነት ከሆነ በ52 ዓመቷ ወለደች ማለት ነው። የማይመስል ነገር። አዛውንት ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ ይሄን አስሉ፤ የበኩርና የመጨረሻ ልጅ ዕድሜ ብዙ ግምት ያርማል።

ሁለተኛው ጥርስ ነው። ትውልዷ ቁልቢ አካባቢ ነው። ጣሊያን ሲገባ ስንት ዓመትሽ ነበር ብላት አታውቅም። ማን ያውቃል! ስለዚህ «መጀመሪያ ጣሊያን ስታዪ ምን እየሠራሽ ነበር?» አልኳት። ሳቀች። «የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። ሰውዬው አይቶኝ ሳቀና ካራሜላ ሰጠኝ። እናቴ ከአፌ አስተፋችኝ፣ መርዝ ነው ብላ።» የፊት ጥርስ የሚወልቀው በስድስት፣ በሰባት ዓመት ነው። ጣሊያን ሐረር የገባው በ1928 ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ድሬዳዋም በዚያው ሰሞን ነው የተያዘችው። ስለዚህ እማዋዬ የተወለደችው 1921 አካባቢ ነው። ከመጨረሻ ልጇም ጋር ይስማማል። ወረቀቱ ላይ «በተወለዱ በ94 ዓመታቸው ገደማ» ብለን ጻፍን። አንዳንድ ዘመድ ቅር ብሎታል፤ 16 ዓመት የቀነስንባት መስሏቸው።

እሷ ራሷ ጊዜ የምትቆጥረው በቁልቢ ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19። ሐምሌው ለእሷ ትንሹ ነው፤ ዓመት የሚባለው ታኅሣሡ ነው። «ያገባሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሦስተኛው ቁልቢ» ስትል ድሬዳዋን እንግሊዞች የያዙት መጋቢት 1933 ስለሆነ ታኅሣሥ 1936 ላይ ይወድቃል። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ወረቀት ላይ የአገሩን ቀኖች በግራ፣ የእሷን በቀኝ ጻፍን። ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967፤ በቀኝ በኩል «ሁለተኛዋ ልጅ አገባች፣ ድግሱ ያለ ሙዚቃ ሆነ»። የትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 1967፤ በቀኝ «ከጓሮ ያከራየኋት ክፍል ሄደች»። ለአዛውንት ዓመተ ምሕረት አትጥሩ፤ ድግስ፣ ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የመንግሥት ለውጥ ጥሩ። ቀኑን እናንተ ትፈልጉታላችሁ።

ከጦርነት ያነሳን እንደሆነ፣ በ1969 ነሐሴ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ከተማው ላይ ተተኮሰ፣ ሰው ሻንጣውን ይዞ መንገድ ወጣ። እሷ አልሄደችም። ይህን በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ጀግንነት ነው የሰማሁት፤ አገር ወዳድነት፣ ቆራጥነት፣ ምናምን። እሷን ስጠይቃት «ሊጥ አቡክቼ የት ልሂድ?» አለችኝ። ወታደሮቹም በማግስቱ እንጀራ ፈልገው መጡ፣ ሸጠችላቸው። የአንዱን ገንዘብ አልተቀበለችም፤ ልጅ ነበር፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አለች። ይኸውላችሁ፣ ሰው በሚያወራው ታሪክና ባለታሪኳ በምትናገረው መካከል ልዩነት ሲኖር እኔ የእሷን ነው የጻፍኩት። አክስቴ የጀግንነቱን ትመርጥ ነበር።

በነገራችን ላይ ስታወራ አታርሟት፣ አታርሟቸው። አንዴ የአንድን ሰው ስም ስታሳስት «አይ፣ እሱ እንኳ ቀድሞ ሞቷል» ያላት ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ አላወራችም። ስህተቱን በኋላ ከሌላ ሰው ታጣራላችሁ።

የ1998ቱ ጎርፍ ሲመጣ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ በእኛ ስሌት። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ አይመስለውም፤ ዓመቱን ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ ደጋው ላይ ሲወርድ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል ውኃው ይደርሳል። እማዋዬ ልጆቿን ከዚያ ያራቀችው በአንድ አባባል ነው፤ «ደቻቱ ሰማይ ጠርቶም ይመጣል።» እኛም ልጆች ሆነን ሰምተነዋል፣ ስቀንበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤቷ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ተረፈ፤ ያን ሰሞን ግቢዋ ውስጥ ማን እንዳደረ ቆጥራ አትዘልቀውም። ስለዚያ ሌሊት ብዙ መናገር አትወድም ነበር። አልገፋኋትም። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ነው ያለው።

ዋናው ክርክር የልጆቹ ቁጥር ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ስድስት ነው። እሷ ግን ስንት ልጅ አለሽ ስትባል አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ ትላለች። እርጅና መስሎን ነበር። አንድ ጠዋት ስትፈትል «ዘጠኙን ቁጠሪልኝ» አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ስድስቱን እናውቃለን። ሁለቱ ሳይጠመቁም፣ ተጠምቀውም የሞቱ ሕፃናት ናቸው፤ አንዷ በሦስት ሳምንቷ፣ አንዱ በዓመቱ በኩፍኝ። የልጁን ስም ነገረችኝ። አያቴ፣ የበኩር ልጇ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ እየተጠጋ ስሙን ያን ቀን ነው የሰማችው። የዚያን ዘመን ሴቶች ወልደው የቀበሩትን ማንም አይጠይቃቸውም። ጠይቁ። ግን ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ቀጥሎ የሚጠብቃችሁ ጉዳይ በሌለበት ቀን።

ዘጠነኛው ደግሞ ከአጥር ወዲያ ነው ያለው።

ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። የእማዋዬ የመጨረሻ ልጅ ጡት በሚጠባበት ጊዜ የጎረቤቷ ሴትም ወልዳ ጠናባት፣ ወተት አጣች። እማዋዬ ሁለቱንም አጠባች፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። በእስልምና ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። ለእነሱ ቀልድ አይደለም፤ ያ ልጅ ለእማዋዬ ሴት ልጆች ሁሉ ወንድም ሆነ። ዛሬ ሽበታም ሰው ነው። በዒድ ሥጋ፣ በፋሲካ ዳቦ በአጥሩ ላይ ሲተላለፍ ያየሁት ጎረቤትነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሆጃ ከቡና ገለፈት አፍልታ ወተት ጨምራ የምታጠጣው እሱን ነበር፤ እኛ ሻይ ነው የምንጠጣ።

ስታርፍ ሌሊቱን ወረቀቱ ላይ ተቀመጥን። እኔ «የዘጠኝ ልጆች እናት» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ አጎቴ ተቃወመ። «ሰው ምን ይላል? ነገ የወራሽነት ጉዳይ ሲመጣስ?» የዕድሩ ጸሐፊም መዝገባቸው ላይ ስድስት እንደሆነ ተናገረ። አያቴ ብቻ «እናቴ ዘጠኝ ካለች ዘጠኝ ነው» ብላ ዝም አለች። የውርሱ ስጋት ብዙ ቤት ይነሳል፤ ግን ወራሽን የሚለየው ፍርድ ቤት በማስረጃና በምስክር እንጂ ለቅሶ ላይ በተነበበ ወረቀት አይደለም። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ስድስት ልጆችን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ሁለት ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ያጡ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ከልጃቸው ጋር በጡታቸው ያሳደጉ።» ቁጥሩን ሳንደምር። መደመሩን ለሰሚው ተውነው። ያ ሰውዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቆሞ ነበር የሚሰማው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ፤ የክርስትና ስም። ካህናቱ ለፍትሐቱ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ መታወቂያ ላይ ያለውን አይደለም። ቀብር በተነሳበት ሰዓት ስንት ቤት «ወለተ ማን ነበረች?» እያለ ስልክ ሲደውል አይቻለሁ። ነፍስ አባቷን ጠይቃችሁ ጻፉት፣ ከመታወቂያው ፎቶ ኮፒ ጋር አስቀምጡት።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና አንዳንዴም ቀን አለበት፤ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱት። የተቀዳውን ድምፅ በቀኑና በርዕሱ ሰይሙት፤ «የሳጥኑ ታሪክ»፣ «ካራሜላ»። አለበለዚያ በኋላ ተራ በተራ እየከፈቱ መፈለግ ነው። በስልክ ብቻ አታስቀምጡት፣ ስልክ ይሰረቃል፤ እኛ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጭነን፣ አንድ ፍላሽ ላይም ገልብጠናል። ጎረቤትን ጠይቁ። ልጆች እናታቸውን የሚያውቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው፤ ጎረቤት ግን ሙሽራ ሆና ስትገባ አይቷታል። ወተት የምታመጣላት ኦሮሞ ሴትዮ ለምሳሌ፣ እማዋዬ ኦሮምኛ ስትናገር እንዴት ቀልደኛ እንደነበረች የነገረችን እሷ ናት። በአማርኛ ቁጥብ ሴት ነበረች።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ከአንድ ገጽ በላይ አትውሰዱ። ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው፣ በድሬ ፀሐይ። ስለዚህ ሁለት አዘጋጁ። አጭሩ ለቀብር፣ ረጅሙ ለአርባዋ ወይም ለሙት ዓመቷ ታትሞ ለዘመድ የሚታደል። በአጭሩ ውስጥ ከሁሉ በፊት ያስገባነው የመጀመሪያዋን እንጀራ፣ ሊጡንና የልጆቹን ነገር ነው። የቀረው ለረጅሙ።

ረጅሙ እስካሁን አላለቀም። ለሙት ዓመቷ ባወጣነው ላይ የጡት ልጇ አንድ ገጽ ጨምሮበት መለሰልን፣ በእጁ ጽፎ። ጓሮ የነበረችውን ፍየል የገዛት የእሱ እናት እንጂ እማዋዬ አይደለችም ይላል። አያቴ ደግሞ ፍየሏ የእናቴ ናት፣ ገንዘቡን ስትከፍል አይቻለሁ ብላለች። ሁለቱንም ጽፈናቸዋል፣ ከነስማቸው።